ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ስጦታ

ኢንስፔክተር ዋፊቃ ያበጡ እግሮቿን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ በተቀመጠችበት ስልኩ ጮኸ። ረመዳንን በሥራ፣ ዒዱንም በሥራ አሳልፋ፣ ከሳምንት በኋላ ለሚመጣው ለሸዋል ዒድ እንኳ አሳርፉኝ ብላ ለምና ያገኘችው የመጀመሪያው ምሽት ነበር። ዝም ቢል ምን ነበረበት! አላለም።

«ያ ረቢ፣ በዚች ከተማ ፖሊስ እኔ ብቻ ነኝ?» አለችና አነሳችው።

የተጠራችው ቡዳ በር አጠገብ፣ ከጠባቡ መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው የአርክቴክት ኪዳነወልድ ቢሮ ነው። አቶ ኪዳነወልድን ሐረር ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ዕድሜያቸውን በጀጎል ግንብ ውስጥ የፈራረሱ ቤቶችን ሲጠግኑ ኖረዋል። ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ በአሮጌ ቤት ውስጥ የትኛው መደብ የአባወራ፣ የትኛው የእንግዳ እንደሆነ ከሐረሪ ሽማግሌ ጋር ተከራክረው የሚረቱ ሰው ነበሩ። አሁን ከቢሯቸው ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነጠላ ተጥሎባቸዋል።

ዋፊቃ ቀና ብላ አየች። የሟቹ የሥራ ክፍል ፎቁ ላይ ነው። ደረጃው የሚወጣው በፎቁ ወለል ላይ በተከፈተ ረጅም ቀዳዳ በኩል ሲሆን፣ የቀዳዳውን ዳር የከለለው የእንጨት አጥር ለጥገና ተነስቷል። ሰውዬው ከደረጃው ራስ ተንሸራተው አልወደቁም። ከቀዳዳው ጎን፣ መሃሉ ላይ፣ ባዶ አየር ረግጠው ነው የወደቁት።

«ይህን የሚያህል ጉድጓድ እያየ ሰው እንዴት ይገባበታል?» ብላ አጉረመረመች።

«ገፍታው ነዋ!» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ። የሟቹ ታላቅ እህት ወይዘሮ ለተማርያም ናቸው፤ ጎረቤት ደግፏቸው ቆመዋል። «ያቺ ሱመያ ናት! ቢሮውን ለእሷ ሊሰጣት እንደሆነ በቀደም ነገረኝ። እሷ መጠበቅ አቃታት። ሬሳውንስ ያገኘችው ማን ሆነና?»

ሱመያ የቢሮው ወጣት ዲዛይነር ናት። ማታ ማታ አቶ ኪዳነወልድን ወደ ቤታቸው የምትሸኛቸው እሷ ስለነበረች፣ ልትወስዳቸው ስትመጣ ሞተው አገኘቻቸው። ሙሉ ሰው ለምን ሸኚ እንዳስፈለገው ሲጠይቋት ግን አፏን ዘጋች። የጣቢያው አዛዥ ደግሞ ዝምታ አይወድም። እዚያው አስያዛት፤ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት እንደምትቀርብም ተናገረ። ወይዘሮ ለተማርያም በበኩላቸው፣ «ለቅሶው ቤት እግሯ እንዳይረግጥ!» ብለው ማሉ።

በማግስቱ ዋፊቃ ጉልበቷን እየደገፈች ፎቁ ላይ ወጣች። ክፍሉ ለበዓሉ ኖራ ተቀብቶ ያበራል። በአንደኛው ጫፍ መስኮቱና የሥራ ጠረጴዛው፣ በሌላው ጫፍ፣ ጨለምለም ባለው ጥግ፣ የደረጃው ራስ አለ። ከጠረጴዛው ወደ ደረጃው በሚወስደው ግድግዳ ሥር፣ ወገብ የሚደርስ ረጅም የፕላን ሣጥን ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስጦታዎች ተፈተዋል። ሦስተኛው ጥጉ ላይ ተሰቅሏል።

የዚህ ቢሮ ሰዎች በየዓመቱ ለሸዋል ዒድ ስጦታ ይሰጣጣሉ። ሕጉን ያወጡት አቶ ኪዳነወልድ ናቸው። «ገዝታችሁ አትምጡልኝ፣ አስባችሁ አምጡልኝ» ይሉ ነበር። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ለአርክቴክት መብራት ብትሰጠው ቅርጹ አይጥመውም፤ ሸሚዝ ብትሰጠው ስፌቱን ይለካል።

መጀመሪያ የጠራችው ግንበኛውን አንዋርን ነው። አንዋር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ መንደር ሰው ነው፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ኖራው ገና አልለቀቀም።

«ብዕሮቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ወደ ጠረጴዛው እያየ። «እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያወጣሉ። ድሬዳዋ ድረስ ወርጄ ነው የፈለግኳቸው። ወላሂ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።»

«አጥሩን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ምስጥ በልቶታል። ግን ነግሬያቸዋለሁ፣ ኢንስፔክተር! ‹ግድ የለም፣ መንገዴን አውቀዋለሁ› አሉኝ።»

«ኖራውንስ?»

«እኔው። ያን ቀን ለምሳ ሲወርዱ ጨረስኩ።»

«ይህን ሣጥን አንስተህ ነው የቀባኸው?»

አንዋር አንገቱን ደፋ። «ማን ያነሳዋል? ወረቀት ታጭቆበታል። ዙሪያውን ቀብቼ ተውኩት። ለበዓል ጥድፊያ ነው፤ ከሣጥን ኋላ ማን ያያል ብዬ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ወጣ?»

«ምሳ በልተው ሲመለሱ ጋሽ ዮሐንስ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። ‹ኖራው አልደረቀም፣ ግድግዳውን እንዳትነካ› ሲላቸው ሰማሁ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሰሞኑን ተኳርፈው ነበርና የታረቁ መሰለኝ።»

ዮሐንስ ከአቶ ኪዳነወልድ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ አርክቴክት ነው። ከለቅሶው ድንኳን ነው የመጣው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ የሸሚዙ እጅጌ ግን እኩል ተጠቅልሏል።

«የእኔ ስጦታ ያ ነው» አለ ወደ ጥጉ እያመለከተ። «አብረን መጀመሪያ የጠገንነው ቤት ነው። በእርሳስ ነው የሠራሁት፤ ብዙ ሌሊት ወስዶብኛል።»

«መቼ ሰጠኸው?»

«ከምሳ በኋላ። ሱመያ ከጠዋት ጀምሮ ሶፊ እናቷ ጋ ነበረች። ፎቁ ላይ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።»

«ማን ሰቀለው?»

«እሱ ራሱ። ቦታ መረጠ፣ ሚስማሩን መታ፣ ፈዝዞ ሲያየው ቆየ። ደስ አለው። እኔም ትቼው ወጣሁ።»

ዋፊቃ ስዕሉን ለማየት ማጎንበስ ነበረባት። ወገቧም ተቃወመ። ሰፊ ክፈፍ ነው፤ የታችኛው ጠርዙ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። በዚያ ላይ ጥጉ ጨለማ ስለሆነ የእርሳሱ መስመር እንደ ሸረሪት ድር እየጠፋ ያስቸግራል።

«ዝቅ አላለም?»

«እኔ ምን ላድርግ? የሽማግሌ አመል ነው» አለ ዮሐንስ።

ብቻዋን ስትቀር የቀረውን ስጦታ አነሳች። የሱመያ ነው፤ በዋዜማው የሰጠችው። ከወይራ የተሠራ ማስመሪያ ሲሆን ቁጥር የለበትም። በቁጥሩ ፈንታ ጠርዙ በሙሉ በትናንሽ ጭረቶች ተነቅሷል፤ እያንዳንዱ አምስተኛ ጭረት ጠለቅ፣ አሥረኛው ደግሞ ሰፋ ይላል። ዋፊቃ አገላበጠችው፤ ዓይኗ ምንም አልነገራት። ድካም አሸንፏት ዓይኗን ጨፈነች፤ ያኔ ጣቷ አነበበው። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት።

ወደ ጣቢያው ሄዳ ሱመያን አስጠራቻት። «አያዩም ነበር፣ አይደል?» አለቻት።

ሱመያ ከንፈሯን ነከሰች።

«ልጄ፣ እኔ ደክሞኛል። አንቺም ደክሞሻል። ነገ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡሽ ነው። ተናገሪ።»

«‹የማያይ አርክቴክት ቤቱን ማን አምኖ ይሰጠዋል? ለሰው እንዳትነግሪ› አሉኝ።»

«አሁን ሞተዋል እኮ።»

«ታዲያ አደራ በሞት ይቀራል?»

ሱመያ ግን የጀመረችውን ጨረሰችው። «ጥላ ብቻ ነበር የቀራቸው። ፎቁ ላይ በልምድ ነው የሚሄዱት። እጃቸውን ሣጥኑ ላይ እያንሸራተቱ ይመጣሉ፤ ሣጥኑ ሲያልቅ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ደረጃው እዚያ ነው። አንድም ቀን ስተው አያውቁም።»

አዛዡ ይህን ሲሰማ እጆቹን አፋተገ። «በቃ! መታወራቸውን የምታውቀው እሷ ብቻ ከሆነች፣ ወጥመዱን ያጠመደችውም እሷ ናት!» ዋፊቃ ምነው ያን ማስመሪያ ባልነካሁት አለች። ልጅቷን ላወጣ ብላ ጭራሽ ገመዱን አጠበቀችባት። ያን ዕለት እግሯንም ሳትነክር ተኛች።

በማለዳው፣ ፍርድ ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ሁሉንም ፎቁ ላይ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ለተማርያም ወንበር ተሰጣቸው። ዮሐንስ መስኮቱ ጋ ቆመ። አንዋርን ከደረጃው ቀዳዳ ዳር አቆመችው። ሱመያ ከፖሊሷ ጋር ስትገባ ወይዘሮ ለተማርያም ፊታቸውን አዞሩ።

«እትዬ ለተማርያም፣ የማይመች ነገር ልነግርዎ ነው» አለች ዋፊቃ። «ወንድምዎ ዓይነ ስውር ነበሩ።»

«ምን? ወንድሜ? ኧረ በእመቤቴ!» ብለው ወይዘሮዋ ደረታቸውን ያዙ። አንዋርም «ላ ኢላሃ ኢለላህ! እኔ እኮ ብዕር...» ብሎ አቋረጠ። ዮሐንስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እንግዲህ እዩኝ» አለች ዋፊቃ። ከጠረጴዛው ተነስታ ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ሣጥኑ ላይ እያንሸራተተች መጣች። ሣጥኑ ሲያልቅ ወደ ግራ ዞረችና እግሯን ዘረጋች። እግሯ ወለል አላገኘም። ወይዘሮ ለተማርያም ጮኹ፤ አንዋር ወገቧን አቅፎ ወደ ኋላ ሳባት።

«ሹክረን፣ አንዋር» አለች እያለከለከች። «የሳቱት አቶ ኪዳነወልድ አይደሉም። የሳተው ሣጥኑ ነው። አንድ ሰው መሳቢያዎቹን አውጥቶ፣ አቅልሎ፣ ወደ ጠረጴዛው ሁለት ክንድ ያህል ስቦታል። ያን ቀን በኖራው ምክንያት ዕቃው ሁሉ ተነቃንቆ ስለነበር፣ ሣጥኑ ቀርቦ ሲያገኙት አልጠረጠሩም።»

«በምን ታወቀ ተንቀሳቅሷል?» አለ ዮሐንስ።

ዋፊቃ ክፈፉን ከሚስማሩ አወረደችው። ከኋላው ያለው ግድግዳ ቢጫና አሮጌ ነበር። ከወገብ በታች፣ ክፈፉ የሸፈነውን ያህል፣ ኖራ አልነካውም።

«አንዋር ዙሪያውን ቀብቶ የተወው ነው ይህ። ሣጥኑ የነበረው እዚህ ነው። ስዕሉም ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ይህን ለመሸፈን ነው። ማን ሰቀለው? አንዋር ቢሆን ስዕል ምን ያደርግለታል? ባልዲው በእጁ ነው፤ ሁለቴ ብሩሽ ቢያሳርፍበት ይጠፋል። ሱመያ ሶፊ ነበረች፤ ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ፣ ዮሐንስ። ‹እሱ ራሱ ሰቀለው› ብለኸኛል።»

«አዎ፣ እሱ ነው የሰቀለው።»

«እሳቸው እዚህ ጥግ ሚስማር መትተው ቢሆን፣ ሣጥኑ ከቦታው መነሳቱን በእጃቸው ባወቁ ነበር። ካወቁ ደግሞ አይወድቁም። ስለዚህ አልሰቀሉትም። እሳቸውና አንዋር ታች ምሳ ሲበሉ አንተ ወጥተህ ሣጥኑን ሳብክ፣ ስዕሉን ሰቀልክ። ከዚያ ሲመለሱ በእጃቸው ጥጉን እንዳይዳስሱ ‹ኖራው አልደረቀም› ብለህ ክንዳቸውን ይዘህ መራሃቸው። የሚያይ ሰው አይመራም፣ ዮሐንስ። ታውቅ ነበር።»

ዋፊቃ ማረፍ ፈልጋ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «ደግሞስ አንተ ዲዛይነር ነህ። ብዙ ሌሊት የደከምክበትን ስዕል፣ የሚያይ ሰው ይኖራል ብለህ ብታስብ፣ ጨለማ ውስጥ ትሰቅለው ነበር?»

ዮሐንስ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«‹ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ› ብሎኝ ነበር» አለ።

«ለእኔም» አለች ሱመያ፣ እንደ መደንገጥ ብላ። «ለእኔም እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

«ሃያ ዓመት!» አለ ዮሐንስ። «ዓይንህ ልሁን አልኩት። ተንበርክኬ ነው የለመንኩት። ‹ያንተ ዓይን ደክሟል፣ የእሷ ይሻላል› አለኝ። እንደ ዋዛ ነው ያለው፤ ዳቦ እየቆረሰ።» ከዚያ በኋላ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፖሊሷ ሱመያን ለቃ ዮሐንስን ይዛ ወረደች።

ዋፊቃ ደስ አላላትም። ወደ ቤቷ ሄዳ መተኛት ብቻ ነበር የፈለገችው። ነገር ግን ሱመያ ከጎኗ አልሄደችም፤ የት እንደምትሄድም የምታውቅ አትመስልም። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ብለው የወይዘሮ ለተማርያምን ጋሪ የመሰለ ዝግታ እየተከተሉ ከጀጎል ወጥተው ለቅሶው ድንኳን ደረሱ። ከግንቡ ውስጥ የበዓሉ ከበሮ ይሰማል።

ሱመያ ደጃፉ ላይ ቆመች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ማን እንደሆነችና ምን እንደተባለች ያልሰማ አልነበረም። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ነጠላዋን ሰብስባ መተላለፊያውን ዘጋች።

«አሳልፏት» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም። ቀድመው ገብተው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። «ሁላችሁም ስሙ። እግሯ እንዳይረግጥ ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን የገደለው ከጎኔ ተቀምጦ አብሮኝ ሲያለቅስ ነበር። እየመራች ወደ ቤት ታስገባልኝ የነበረችውን ግን አሳሰርኳት። ነይ ልጄ።»

«እትዬ ለተማርያም፣ ክፉ ስም ነው የሰጡኝ» አለች ሱመያ። «እናቴ ሰምታለች።»

«እናትሽ ጋ እኔው እሄዳለሁ። ይቅር ባትይኝም ተቀመጪ። ሐዘኑ ያንቺም ነው።»

ሱመያ ጫማዋን አወለቀች። ሴትዮዋ ነጠላዋን ለቀቀችና መንገድ ሰጠቻት። ከወይዘሮ ለተማርያም ጎን፣ ከቤተ ዘመዱ ጋር፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «ጋሼ! ጋሼዬ!» ብላ ጮኸች፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እንደ አዲስ አብሯት አለቀሰ።