የባትሪው ብሎን

ወልደአማኑኤል በተቀበሩ በማግስቱ ኢንስፔክተር ትርፌ ከማሻ ተነስታ ጌጫ ደረሰች። የሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ሰኔ ነበር፤ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገለጥም። የጌጫ ፖሊስ ጉዳዩን ጨርሶ የእሷን ፊርማ ብቻ ይጠብቅ ነበር።

ሟቹ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ በአሮጌ ሞተር ሳይክላቸው ወደ ማሻ ሲሄዱ መታጠፊያ ላይ የጭነት መኪና መጣባቸው፤ ሊሸሹት ሲሉ ገደል ገቡ። ሹፌሩ «መብራት አልነበራቸውም፤ አጠገቤ ሲደርሱ ነው ያየኋቸው» ብሏል። መብራቱን ማን እንዳበላሸው ደግሞ ከተማው ሁሉ ፈርዶ ጨርሷል። ከአንድ ቀን በፊት የሞተሩን የቻርጅ ሽቦ የጠገነው መካኒኩ ናስር ነው። ናስርም ራሱ አምኗል።

ትርፌን ያልጣማት ይህ ማመኑ ነበር። በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ ሰው ሲክድ እንጂ ሳይጠየቅ ጥፋት ሲሸከም አላየችም። የእስረኞች ማረፊያ ክፍል ገብታ ስታየው ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል።

«ምን አደረግህ?» አለችው።

«ጋሼን ገደልኳቸው።»

«እንዴት?»

«ሽቦው የኔ ነው። ከእኔ በቀር የነካው የለም።»

የሠራውን አንድ በአንድ ነገራት። ድምፁ ስም እንደሚጠራ አስተማሪ ወጥ ነበር። የጋሼ ሞተር ባትሪ አልሞላ ብሎ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔት ወደ ባትሪ የሚሄደው ሽቦ ከመቀመጫው ሥር ተቃጥሏል። አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ዘረጋ፤ በስታኞ በየደው፤ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ በቆረጠው ጥብጣብ ጠቀለለው። የፊት አምፖሉንም ቀየረ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስነስቶ ሞከረውና እሁድ ከሰዓት ቤታቸው አደረሰላቸው።

«ብየዳህ ለቅቆ ያውቃል?»

«አያውቅም። አሁን ግን እሳቸው ሞተዋል» አለ።

ነገሩን ከሥሩ ውኃውን ከጥሩ ይባላልና፣ ትርፌ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የቆመውን ሞተር ለማየት ወጣች። መሪው ተጣሟል፤ የፊት መብራቱ ክዳን ደቅቋል። አምፖሉ ግን አልተሰበረም። ነቅላ ወደ ብርሃን ብታነሳው ውስጡ እንደ ኩራዝ ብርጭቆ ጠቁሯል። መቀመጫውን አነሳች። የናስር ብየዳ እንዳለ ነው፤ ጥብጣቡም አልተነካም። ከባትሪው ጋር መያያዝ የነበረበት ቀዩ ሽቦ ግን ወጥቷል። አልተቆረጠም፣ አልተበጠሰም። ጫፉ በፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ተወሽቋል። ሽቦውን የሚያስረው ብሎን ደግሞ እንዳይጠፋ ተብሎ ባዶውን ቦታው ላይ ተመልሶ ጠብቋል።

ትርፌ ብሎኑን በጣቷ ነካካችው። ከዚያ አምፖሉን ይዛ ወደ ናስር ተመለሰች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ይሄ በመውደቅ የሆነ አይደለም፤ የተቃጠለ ነው» አለ። «ባትሪው ከመስመር ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቶ ከሆነስ?»

«ማግኔቱ የሚሰጠውን የሚቀበልለት ያጣል፤ አምፖሉ ብቻውን ይሸከመዋል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ይበራል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ቦግ ብሎ ይቃጠላል።»

«ያለ ባትሪ ሞተሩ ይነሳል እንዴ?»

«ይሄ አሮጌ ነው፤ የሚያስነሳው እሳት ከማግኔቱ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ቢረግጡት ይነሳል።» አሮጌ ሞተር የነዳ ሁሉ ይህን እንደሚያውቅም ነገራት።

ልቅሶ ቤት ስትደርስ ባለቤትየዋ እታገኝ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። እንባቸው አልቋል፤ የሚጠየቁትን ብቻ ይመልሳሉ። ባላቸው ወደ ማሻ የሄዱት ፍርድ ቤት ሊመሰክሩ ነበር። ተሾመች የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው አዋሳኟ ከሆነው ከበዛብህ ጋር በቡና ጫካዋ ወሰን ትካሰሳለች። ወሰኑን ለወረዳው የመሬት መሥሪያ ቤት የለካው የሟቹ የወንድም ልጅ ሚካኤል ነው። ተሳስቶ የእሷን ጫካ ለበዛብህ ከልሎ፣ ስህተቱን ማመን አሳፍሮት ልክ ነው ብሎ ምሎ መሰከረ። አሮጌውን የወሰን ዛፍ የሚያውቁት ወልደአማኑኤል ነበሩ። ሰኞ ካልቀረቡ ምስክርነታቸው ይታለፋል።

«አትሂድ፣ የወንድምህ ልጅ ነው አልኩት» አሉ እታገኝ። «እሷ ጫካዋን ስታጣ ዝም ብዬ ልሙት? አለኝ።»

ባላቸው ሰኞ ሲወጡ አንድ ጊዜ ረግጠው እንዳስነሱት፣ መብራቱም አጥሩን እንዳበራው ነገሯት። ሌሊቱን ሞተሩ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነበር፤ የግቢው በር ተቆልፏል። ግቢው ውስጥ ያደሩት እሳቸው፣ ባላቸውና ጓሮ ቤት የሚኖረው ሚካኤል ናቸው። እሁድ ማታ በዛብህ ለእርቅ መጥቶ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

በዛብህ መምጣቱን አልካደም፤ ለምኜ አልሆነልኝም አለ። ሚካኤል ጨዋ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። የናስር ሽቦ ነው የገደላቸው ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው እሱ ነበር። ትርፌ በሩ ላይ የቆመውን አዲስ የመሥሪያ ቤት ሞተሩን እንዲያስነሳላት ጠየቀችው። ቁልፉን አዞረና በአውራ ጣቱ አዝራሩን ተጫነ፤ ተነሳ። አመስግናው ሄደች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አራቱን ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። እታገኝ ናስርን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ሞተሩ መሃል ቆሟል፤ መቀመጫው ተነስቷል፤ ቀዩ ሽቦ እንደተገኘ ተንጠልጥሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች ትርፌ። «ጋሼ ሰኞ እንዳይሄዱ ብትፈልጉ ይህን ሞተር ምን ታደርጉት ነበር? እትዬ እታገኝ?»

«የካንዴላውን ቆብ እነቅላለሁ። ተጣልተን አንድ ቀን አድርጌበታለሁ።»

በዛብህ ጎማውን እንደሚያስተነፍስ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሞተር የሚያውቀው አልነበረም። ናስርም እንደ እታገኝ ካንዴላውን አለ። ሚካኤል መሬት መሬቱን አየ።

«ሽቦውን የፈታው ሰው መግደል አልፈለገም» ስትል ቀጠለች። «ገዳይ ብሎን አያስቀምጥም፤ የሽቦ ጫፍም በፌስታል አይጠቀልልም። ይህ ሰው ከቀጠሮው በኋላ መልሶ ሊያስረው አስቧል። የፈለገው ሞተሩ አንድ ጠዋት እንዳይነሳ ብቻ ነው። ግን ባትሪ ሲፈታ ሞተር አይነሳም ብሎ የሚያምን ማን ነው? ናስር አይደለም። ባላቸው ሲረግጡት ስንት ዓመት ያዩት እትዬ እታገኝም አይደሉም። አቶ በዛብህ ባትሪው የት እንዳለም አያውቁም። በአዝራር የሚነሳ ሞተር ብቻ የነዳ ሰው ነው።» ወደ ሚካኤል ዞረች። «እስኪ ርገጠው።»

ሚካኤል የተንጠለጠለውን ሽቦ አየ፤ ባትሪውን አየ። እግሩን አነሳና ረገጠው።

ሞተሩ ተነሳ።

ከሌሎቹ ማንም አልደነገጠም። እሱ ግን ደሙ ከፊቱ ሸሽቶ እዚያው ቆሞ ቀረ። ናስር ሄዶ አጠፋው።

«ያን ጠዋት ሲነሳ ሰምተሃል?» አሉ እታገኝ።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸውም?»

«ከተነሳማ አይተው መልሰው አስረውታል አልኩ። እግዜር አልፈቀደውም አልኩና ተመልሼ ተኛሁ።» ቀስ ብሎ ተነፈሰ። «ሲሞቱ የናስር ሽቦ ነው ብዬ ለሰው ተናገርኩ። እየተናገርኩ ራሴም አመንኩት። ልቤ ግን አላመነም።»

ትርፌ ድል አልተሰማትም፤ ምንም አልተሰማትም። ለፖሊሱ በዓይኗ ጠቆመችው፤ ሚካኤልም ሳይነግሩት ቀድሞ ወደ ክፍሉ ሄደ። በወሰኑ ክስ ሌላ የምስክር ቀን እንዲሰጥ ለፍርድ ቤቱ እንደምትጽፍ ነገረቻቸው። በዛብህ የወሰኑን ዛፍ እሱም እንደሚያውቀው ማንንም ሳያይ ተናገረ።

ናስር እንዲሄድ ተነገረው። አልሄደም። ካቻቢቴ ለምኖ ሞተሩ ሥር ተንበረከከ፤ ብሎኑን ፈታ፤ ቀዩን ሽቦ ቦታው አስገባና አጠበቀው። እታገኝ ሲሠራ ቆመው አዩት። አራት ቀን ሙሉ ስሙ እንኳ እንዲጠራባቸው አልፈለጉም ነበር።

«ናስር» አሉት፣ «ያን ጠዋት መብራቱ ሲበራ ምን እንዳለ ልንገርህ። ‹የዚህ ልጅ እጁ ይባረክ› ብሎ ነው የወጣው። ሌላ ቃል አልተናገረም።»

ናስር ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጆቹን አንዴ አያቸው፤ ከዚያ ፊቱን በነሱ ሸፍኖ አለቀሰ።