ሰም የጠጣው ክር

ሽማግሌው መዝገብ ጠጋኝ የተገኙት በመዝገብ ቤቱ ምድር ቤት፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ተደፍተው ነው። በብብታቸው ሁለት የልደት መዝገቦች ይዘዋል። ኤሌክትሪክ ነው የገደላቸው። ከበላያቸው ባለው አዳራሽ ደግሞ «በአደጋ ዝግጁነት አንደኛ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ የተቆረጠ ቀይ ሪባን ወድቋል።

መርማሪዋ ጨርቁን አነበበችና ከንፈሯን አጣመመች።

የሟቹ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «ሪፖርቱ ‹በራሱ ቸልተኝነት› ይላል። አባዬ ቸልተኛ! ያ ቧንቧ ይፈነዳል እያለ ስንት ዓመት ጮኸ!»

«ተፈርሟል?»

«ከሰዓት በኋላ ይፈረማል አሉኝ። ከተፈረመማ ስሙ እንዲሁ ቀረ።»

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ከራቫቱን እያስተካከለ ተቀበላት። «ምን መሰለሽ እህቴ፣ ሽማግሌው መብራት ሳያጠፋ ዘሎ ውሃ ውስጥ ገባ። መብራት ማጥፊያው ብሬከር ላይ የሚታሰረው የማስጠንቀቂያ ካርድ ከጋዋኑ ኪስ አልወጣም። እርጅና ነው እንግዲህ።»

«መዝገብ መሸፈኛው ፕላስቲክስ? የጎማ ቦቲውስ?»

«እንግዳ እንዲያየው ቢሮዬ ነው፤ በመስታወት ቁም ሳጥን፣ ተቆልፎ።»

«ቁልፉስ?»

«እሱ... ይፈለጋል።»

«ጎበዝ» አለች።

የሟቹ ጋዋን በምድር ቤቱ ደረጃ አናት፣ ከዋናው ብሬከር አጠገብ ተሰቅሏል። ከኪሱ ካርዱን አወጣች፦ «ሰው ውስጥ አለ። እንዳትነኩ።» በካርዱ ቀዳዳ በሰም የታሸ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ቋጠሮው እንደጠበቀ ነው፤ ክሩ ግን ከጎን ተቆርጧል።

ዘበኛው ሲያየው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጋሽ ቋጠሮ የምንላቸው ለዚህ እኮ ነው። እሳቸው ያሰሩትን ሌላ ሰው ልፍታ ቢል ሲታገል ይውላል። ራሳቸው ግን ፈትተው፣ ጠቅልለው ኪሳቸው ይከቱታል። ክር መቁረጥ ነውር ነበር እሳቸው ዘንድ።»

ጸሐፊዋ ወደ መርማሪዋ ቀረበች። «በሥነ ሥርዓቱ ላይ ሪባኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው ሊቆርጡ ሲሉ መብራት ድርግም አለ። ‹እኔ አየዋለሁ› ብለው ወጡ። ሁለት ደቂቃ አልቆዩም፣ በራ። ተመልሰው ቆረጡ፤ አጨበጨብን።»

«መቀሱስ?»

«ይዘውት ነው የሄዱት።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም ከጨርቁ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፍቷል።

«ብሬከሩ በራሱ ወደቀ፤ መለስኩት» አለ። «ብሬከሩ ላይ ካርድ የሚባል ነገር አላየሁም።»

«ሽማግሌው ብሬከሩን አጥፍተው ካርዱን ባያስሩበት ኖሮ ክሩ ለምን ተቋጠረ? እሳቸው ቢያወልቁት ደግሞ ይፈቱት ነበር እንጂ አይቆርጡትም። የቆረጠው መፍታት ያቃተው ሰው ነው፤ ችኩል ነው፤ መቀስም ይዟል።» ለሪባኑ ከተዘጋጀው ሳህን ላይ መቀሱን አንስታ ከፈተችው። በስለቱ መጋጠሚያ ሰም ተለጥፏል፤ ሰሙ ላይ ነጭ የክር ቁራጭ። «ሪባኑ ቀይ ነው፤ ሰምም የለው። እርስዎ ካርዱን ቆርጠው ከጎኑ ባለው ጋዋን ኪስ ከተቱት። ከዚያ አበሩ። መቼም መዝገብ ቤት የሚመራ ሰው አራት ቃል ማንበብ አያቅተውም።»

«እንግዶቹ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ነበር እኮ!» አለ ኃላፊው። «የዝግጁነቱ ፊልም ሊጀመር ነበር! ሽማግሌው የወጣ መስሎኝ...»

«መስሎህ» አለች ልጅቷ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ነበር። «ደረጃው ላይ ቆመህ አንዴ ብትጣራ አባዬ ‹አቤት› ይልህ ነበር።»

መርማሪዋ «በራሱ ቸልተኝነት» የሚለውን ሰረዘች። ኃላፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ ፖሊሶች ወሰዱት።

ውሃውን የሚያወጡት ሠራተኞች ባልዲ ይዘው መጡ። ልጅቷ ከወለሉ ቀዩን ሪባን አነሳች። ብሬከሩን አጠፋች፤ እጀታውን በአባቷ ቋጠሮ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

አዳራሹ ጨለመ። ማንም «እኔ አየዋለሁ» አላለም።