የቦዩ ሳንቃ

እጇን ለአራተኛ ጊዜ ስትታጠብ የሆስፒታሉ ሳሙና አለቀ። ሽታው ግን አልለቀቃትም። ጭቃው ከጥፍሯ ስር ከወጣ ቆይቷል፤ ቢሆንም እጇን ወደ አፍንጫዋ ባስጠጋች ቁጥር ያው የቦይ ውሃ ይሸታታል። ዓይኗን ስትጨፍን ደግሞ ይብስባታል። የአያቷ እግር ከጉልበቱ በታች እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ይታያታል።

«አንቺ ጭራሮ፣ መታጠቢያ ቤቱን ተከራየሽው እንዴ?» አሉ አያቷ ስትመለስ፣ አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ።

ፊታቸው አመድ መስሎ እንኳ ቀልድ አያልቅባቸውም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አርባውን ያሳለፉት በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ነው። «የምሰፋው በእግሬ ነው፤ እጄማ ጨርቅ ያዥ ነው» ይላሉ ለደንበኞቻቸው። እሷን ጭራሮ የሚሏት ስለቀጠነች ነው።

ያን ቀን ጠዋት ይህቺው ቀጭን ልጅ ከጓሯቸው ቦይ ላይ መሸፈኛውን ሳንቃ አንስታ ለብስክሌት መዝለያ ወሰደችው። እናቷ ከአንዴም ሦስቴ «ተይ፣ አንድ ቀን ሰው ይገባበታል» ብላታለች። ስትዘል ቆይታ ሲሰለቻት ሳንቃውን ግድግዳ አስደግፋ ረሳችው። አያቷ ሸሚዛቸውን ከገመድ ላይ ሊያወርዱ ወጡ፤ እንደ ልማዳቸው መሬቱን ሳያዩ ረገጡ።

ጩኸታቸውን ሰምታ ስትደርስ አንድ እግራቸው ቦዩ ውስጥ ነበር። ጎትታ አወጣቻቸውና ከቤቱ የሲሚንቶ ደረጃ ሥር አደረሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሁሉ በድንጋጤ ነው ያደረገችው። በጭቃ የተለወሰውን ሱሪ በራሳቸው መቀስ ቀድዳ ጣለችው። ጭቃው ከላይ እስኪጠፋ ድረስ ቁስሉን በባልዲ ውሃ አጠበችና ንጹህ አንሶላ ጠቀለለችበት። ሳንቃውንም ወደ ቦታው መለሰችው። አያቷ እያቃሰቱ እጇን ጨበጡ።

«ስሚኝ። ደረጃው ነው ያዳለጠኝ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ...»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አያቷን ሰባራ ያደረገች እየተባልሽ አታድጊም። አበቃ።»

እናቷ ከሥራ ስትደርስ የሰማችው የደረጃውን ወሬ ነበር። አምቡላንስ ስትጠራም፣ ለነርሷም የነገረችው ያንኑ ነው።

አሁን ደግሞ እናቷ አልጋው አጠገብ ቆማ ሳለ የአጥንት ሐኪሙ ፎርም ይዞ መጣ። ገና ወጣት ነው፤ የአልጋውን ጫፍ ተደግፎ ነበር የሚያወራቸው።

«አባቴ፣ በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስብራት ሲያጋጥም እግሩን ቆርጠን እንገላገል የሚሉ አሉ። እኔ ግን እናትርፈው ባይ ነኝ። አጥንቱን ከውጭ በብረት አስረን እናቆመዋለን። ወራት ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ሱሪ አሳጥርልኝ፣ አስረዝምልኝ የሚለኝን የታገሥኩ ሰው ነኝ» አሉ አያቷ።

ሐኪሙ ሳቀ። «አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡልኝ። የወደቁበት ቦታ ሲሚንቶ ነው አይደል? አፈር፣ ፍሳሽ ምናምን አልነካውም?»

«ሲሚንቶ ነው። ልጄ በየቀኑ ትወለውለዋለች።»

«እንግዲያው ጥሩ። ዛሬውኑ አጥበን ቁስሉን እንዘጋዋለን።»

«ቆሻሻ ቢነካውስ ኖሮ?» ጥያቄው ከአፏ አምልጦ ወጣ።

ሐኪሙ ዞር ብሎ አያት። «ያኔማ አንዘጋውም። ክፍት ትተነው፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ሰጥተን፣ በሁለት በሦስት ቀን ደግመን እናጥበዋለን። ቆሻሻ ውስጥ ከታሸገ ይመረቅዛል። እግሩን ቀርቶ እሳቸውንም ልናጣ እንችላለን።»

ሰማይ ተደፋባት። ሐኪሙና እናቷ ሊፈራረሙ ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ወደ አያቷ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ እንንገራቸው። በእናትዎ።»

«እግር እንደሆነ ሌላ አለኝ» አሉ ጸጉሯን እየዳበሱ። «አንቺ ግን አንድ ነሽ።»

ሁለት ሠራተኞች አልጋውን እየገፉ ወሰዷቸው። አያቷ በሩ ጋ ሲደርሱ ጠቀሷት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ አያቷ እንደሆኑ ቢሞቱ አይናገሩም። ያ ዝምታ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ውስጥ አብሯት ሲኖር፣ ማታ ማታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ታያት። ፈራችው። ከእናቷ ቁጣ ይበልጥ ፈራችው።

ኮሪደሩ ውስጥ እናቷ ፈርማ ብዕሩን እየመለሰች ነበር። ልጇን ስታይ ክንዷን ዘርግታ ትከሻዋን አቀፈቻት። «አይዞሽ የኔ ልጅ። አንቺ ባትኖሪ ማን ይደርስላቸው ነበር?»

ሐኪሙን ብቻውን ልታገኘው ትችል ነበር። ሮጣ የቀዶ ጥገናው በር ላይ ብትጠብቀው እናቷ ሳትሰማ ትነግረው ነበር። አስባዋለች። እግሯ ግን ካለችበት አልተነቃነቀም።

«ዶክተር» አለች። «ደረጃው ላይ አልነበረም። ጓሮ ያለው ቦይ ውስጥ ነው የገቡት። የልብስ እጣቢ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚሄድበት። ጭቃውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ፎርሙን ዝቅ አደረገ። «መቼ ነው? ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከእኩለ ቀን በፊት። ሳንቃውን ያነሳሁትም እኔ ነኝ።»

የእናቷ እጅ ከትከሻዋ ላይ ተነሳ።

«ውሃው ውስጥ ምን ያህል ቆዩ?» አለ ሐኪሙ፣ ከኪሱ ብዕር እያወጣ። «ሁሉንም ንገሪኝ፤ ምንም እንዳታስቀሪ።»

የእናቷን ፊት ለማየት አልደፈረችም። ሐኪሙን እያየች ከመጀመሪያው ጀመረችለት።