የሙዝ ሽታ በገደሉ አፋፍ

በዚያች ሚኒባስ የተሳፈርነው አምስት ሰዎች ነበርን። አንዱ ሞተ፤ ሳጅኑ ሦስቱን ጠየቀ። እኔን ዘለለኝ። ከኋላ ወንበር ከሻንጣዎቹ ጋር ተቀምጬ ስለመጣሁ ከሻንጣ ቆጠረኝ መሰል። «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ» አለኝ፣ የልጄን እጅ በካቴና እያሰረ። ልጇ በዓይኗ ፊት ሲታሰር የምታርፍ እናት የት እንዳየ እንጃለት! እንግዲህ ነገሩን ከእኔ ስሙት። ያላየሁትንም በኋላ ከየሰዉ አፍ ለቅሜዋለሁ፤ የቀረኝ የለም።

የሞተው አስጎብኚው ነው። ተራራውን እንደ ጓዳው የሚያውቅ፣ ሰው እየመራ በእግር ወጥቶ ቢራቢሮ የሚያሳይ ሰው ነበር። መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ቢራቢሮ ለማየት ይህን ሁሉ ዳገት? እሱ ግን አይቀልድበትም፤ ማየት እንጂ መያዝ ክልክል ነው ይላል። የዚያን ጊዜውን ጉዞ ያሰናዳው ለዶክተሩ ነበር። ዶክተሩ የነፍሳት ሊቅ ነው፤ የዱር ፍጥረትን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ። የእግር መንገዱን አይቶ ለጎብኚ እንዲከፈት ሊፈቅድ ነው የመጣው። የአስጎብኚው ሚስት ፎቶ ታነሳለች። ልጄ ይነዳል። እኔን ደግሞ ልጄ ወንበር ባዶ ሲሆንበት «እማዬ፣ ተራራ ሳታዪ አትሙቺብኝ» ብሎ ጭኖኝ ነው።

አስጎብኚው ቢራቢሮ የሚጠራበት የራሱ ዘዴ ነበረው። የበሰበሰ ሙዝ በስኳርና በቢራ ለውሶ በጣሳ ያኮመጥጠዋል። ፀሐይ ሳትወጣ ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለው ዛፍ ሄዶ ግንዱን በብሩሽ ይቀባዋል። ቢራቢሮ በብርድ አይበርም፤ ክንፉን አጥፎ ይቆይና ፀሐይ ሲሞቀው ይነሳል፤ ያኔ ሽታው ይጠራዋል። እንግዳ ቁርሱን በልቶ ሲደርስ ግንዱ በክንፍ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። ያ ጣሳ መንገዱን ሁሉ በእግሮቼ መካከል ነበር። ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሎም ቢሆን በየኩርባው ይፈነዳብኛል ብዬ ነፍሴ ስትወጣ ነው ተራራው ላይ ያለው ማረፊያ ቤት የደረስነው። ዶክተሩ የካሜራ ቦርሳውን አንግቶ እስኪመሽ ብቻውን ዞረ።

ማታ እራት ላይ አስጎብኚው ልጄን በኩርባ ለምን ትፈጥናለህ ብሎ ተቆጣው። ልጄ አፉ እንደኔ ነው። «እኔ መኪናዬን አውቃለሁ፤ አንተ ያንን አፋፍህን ተጠንቀቅ፣ አንድ ቀን ይበላሃል» አለው። ሁሉም ሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ተራራውን ውጦት ነበር። አስጎብኚው ለቁርስ ሲዘገይ ሚስቱ ልትጠራው ሄደች፤ እኛን የጠራን ጩኸቷ ነው። ከአፋፉ ሥር ድንጋይ ላይ ወድቋል። ጣሳው ዛፉ ሥር ተገልብጧል። ልጄና የማረፊያ ቤቱ ጠባቂ ወርደው ሬሳውን ተሸክመው አወጡት። ዶክተሩ ራሴን አሞኛል ብሎ ክፍሉ ነበር፤ ወደ አፋፉ ዝር አላለም።

ሳጅኑ ደርሶ በመጀመሪያ ዶክተሩን ጠየቀ። ዶክተሩ ሰውየው ቢራቢሮ ሲያሳድድ አዳልጦት ይሆናል አለ። ሚስትየዋ ግን የማታውን ንግግር አነሳች፣ ጣቷንም ወደ ልጄ ቀሰረች። የልጄ ሱሪ ረጥቦ ጭቃ ነክቶታል፤ ጎህ ሲቀድ መኪና ሲያጥብ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን ለሳጅኑ ብነግረው ወደ ባልደረባው ዞሮ «እናት ምን ትላለች ታዲያ» ብሎ ሳቀ። ዶክተሩ ያን ጊዜ ዝም አለ። ዝምታውን ልብ አልኩት፤ ግን ጨዋነት መሰለኝ፣ ሞኝ ነኝና።

እኩለ ቀን ሲያልፍ መርማሪው መጣ። አጭር፣ ወፍራም፣ ጫማው የተንጋደደ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ቀስ በል» ይሉታል፤ ሰው ሲቸኩልበት የሚናገረው እሱኑ ብቻ ስለሆነ። ሳጅኑ ነገሩ አልቋል፣ ገዳዩ ተይዟል አለው። «ቀስ በል» አለና ሬሳውን አይቶ ወደ አፋፉ ሄደ።

እዚያ ብዙ ቆየ። ብሩሹን ሟቹ ከወደቀበት ድንጋይ ሥር አገኘው፤ የብሩሹ ጠጉር ላይ ሙዝ ደርቆበታል። ከዛፉ ግንድ የተቀባው ግማሹ ብቻ ነው። ከጣሳው አጠገብ የተላጠ ፕላስተር ተጠቅልሎ ተጥሏል። ተመልሶ ጠባቂውን ጠየቀው። ጠባቂው የዚያን ሙዝ ሽታ ከአስጎብኚው ጋር ስንት ዓመት እንደተጨቃጨቀበት አልደበቀም፤ እንዲያውም ምድር ላይ እንደሱ የሚገማ ነገር የለም ብሎ ማለ። ጠዋት ግን ወጥ ቤት እሳት ሲያነድ ነበር፤ ሚስትየዋም አብራው ነበረች።

ሚስትየዋን ለምን ሾፌሩን እንደጠረጠረች ጠየቃት። ባሏ ማታ ሲተኙ ነገ አፋፉ ላይ አንድ ሰው ለብቻው አናግራለሁ ብሏት ነበር። ማንን ብትለው ራሱ እንዲናገር ዕድል ልስጠው ብሎ ፊቱን አዞረ። እሷም እራት ላይ የተጣላውን ሾፌር ገመተች።

ከዚያ እኔ ዘንድ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እርስዎስ ምን አዩ?»

«የሚጠይቀኝ ሰው ገና አሁን መጣ» አልኩት።

«እሱ የኛ ጥፋት ነው። ይንገሩኝ፤ የማይረባ የሚመስልዎትንም ጭምር።»

«የማይረባውን ከፈለግክማ፣ ነፍሳት እንኳ ለሹም ያሸረግዳሉ።»

«እንዴት?»

ነገርኩት። ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ስትወጣ ልጄ ከምሰሶው ጋር ታስሮ፣ የዶክተሩ ጃኬት በረንዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቡናማ ቢራቢሮዎች መጥተው ጃኬቱ ላይ ሰፈሩ። በነጠላዬ ባባርራቸው ተመልሰው መጡ። ከልጄ ሸሚዝ ላይ አንዲትም አላረፈች። ለታሰረ ሰው ቢራቢሮም ፊቷን ታዞራለች ብዬ ተራገምኩ።

መርማሪው አልሳቀም።

«ጃኬቱ ላይ የት ነው ያረፉት?»

«ቀኝ እጅጌው ላይ። ሌላው ደረቅ ሆኖ እሱ ብቻ እርጥብ ነበር።»

ተነስቶ ሁላችንም ጠዋት የለበስነውን ልብስ እንድናመጣ አዘዘ። የልጄ ሸሚዝ፣ የሚስትየዋ ሹራብ፣ የጠባቂው ካፖርት፣ የእኔም ነጠላ ሳይቀር ከጃኬቱ ጋር በፀሐይ ተደረደረ። እኛም በረንዳው ላይ ተሰበሰብን። ሳጅኑ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ አጉረመረመ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ቡናማ መጣች፤ ተከትላት ሌላ። ሁሉንም ልብስ አልፈው የዶክተሩ ቀኝ እጅጌ ላይ ተለጠፉ።

«ላብ ነው» አለ ዶክተሩ። «ቢራቢሮ ጨው ይወዳል፤ የታወቀ ነገር ነው።»

«ሬሳ ተሸክሞ ገደል የወጣው ሰው ሸሚዝ ይኸው» አለ መርማሪው። «ላብ ቢሆን ኖሮ እሱን ያልፉት ነበር? ለመሆኑ እጅጌዎን ለምን አጠቡ?»

ዶክተሩም ትናንት መኪና ውስጥ ጣሳውን ነክቼው ይሆናል አለ።

በዚህ ጊዜ ሚስትየዋ ከጠዋት ጀምሮ ያቀረቀረችውን ራሷን አነሳች። «መንገድ ላይ አልተከፈተም። ማታ ስንተኛም የመንገዱ ፕላስተር እንዳለ ሆኖ በላዩ አዲስ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።»

እኔም ጣሳው በእግሮቼ መካከል እንደነበረ፣ ጠብታ ቢወጣው ኖሮ መኪናውን አስቁሜ እወርድ እንደነበር ተናገርኩ። አሁን ሰሙኝ።

«ፕላስተሩ የተላጠው አፋፉ ላይ ነው» አለ መርማሪው። «እንግዲህ ቀስ ብለን እንየው። ሟቹ ቢራቢሮ አላሳደደም፤ ብሩሽ ይዞ ግንድ እየቀባ ነበር፣ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው። ደግሞስ በዚያ ጉምና ብርድ የትኛው ቢራቢሮ ይበራል? ይህን እኔ ባላውቅ አይገርምም። እርስዎ ግን የነፍሳት ሊቅ ሆነው ለሳጅኑ እንዲያ አሉት። ሲገፉት እጁ ላይ ብሩሹ ነበር፤ የብሩሹ ሙዝ የገፊው እጅጌ ላይ ቀረ። ጠረኑን በውሃ ያጠፉት መሰለዎት። ለኛ አፍንጫ ጠፍቷል፤ ለእነሱ አልጠፋም።»

«ለምን ብዬ እገፋዋለሁ?» አለ ዶክተሩ።

መርማሪው የዶክተሩን የካሜራ ቦርሳ አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ከሌንሱ ሥር በሦስት ማዕዘን የታጠፉ ወረቀቶች ታጭቀዋል፤ በየወረቀቱ ውስጥ ክንፉ የታጠፈ የሞተ ቢራቢሮ። ሚስትየዋ አንዱን አንስታ አየችና እዚህ ተራራ ላይ ብቻ የሚገኘው ነው አለች። ባሏ ለብቻው ሊያናግረው የፈለገው ሰው ማን እንደሆነ ለማንም መንገር አላስፈለገም። የተራራው ጠባቂ ተብሎ የተሾመው ሰው ተራራውን በቦርሳ እየጫነ ነበር። ያ ምስኪን ደግሞ ሊያዋርደው ስላልፈለገ ብቻውን ጠራው። ደግነቱ ነው የገደለው። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዶክተሩ ስለ ማዕረጉ፣ ስለ አገልግሎቱ፣ ስለሚያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ብዙ አወራ። መርማሪው አላቋረጠውም። በመጨረሻ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «መጀመሪያ ክንዴን የያዘኝ እሱ ነው» አለ።

እሱም የተናገረውን ሰማና ተቀመጠ።

ሚስትየዋ መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። አነሳኋት፤ ባል የሞተባት ሴት ላይ ቂም አልይዝም። ሳጅኑ ግን ሌላ ነው። ልጄን ከመኪናው ጀርባ ወስዶ ካቴናውን በሹክሹክታ ሲፈታለት ደረስኩበት። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሥራ ነው» ይለዋል፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

«ሥራህን አልጨረስክም» አልኩት።

«ምን ቀረ እማማ? ይኸው ለቀቅኩልዎት።»

«ጠዋት በሬዲዮ ገዳዩን ሾፌር ይዣለሁ ብለህ ስትጮህ አጠገብህ ነበርኩ። ከጣቢያችሁ ወሬው ወጥቶ ታች ነዳጅ ማደያው ጋ የተሰለፈው ሾፌር ሁሉ እስካሁን ሰምቷል። ልጄ እንጀራው እነሱ መካከል ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያ ይሰለፋል። ስለዚህ አሁን ከኛ ጋር ትሳፈራለህ። ማደያው ጋ ትወርድና ልጄን አጠገብህ አቁመህ፣ በዚያው በጠዋቱ ድምፅህ፣ ንጹሑን ሰው ያሰርኩት እኔ ነኝ ትላለህ። ከኋላ ያለው ካልሰማ ትደግመዋለህ። ግባ።»