ጠገራ ብር በአሮጌ ቀፎ

አሞጽ በቴፒ ዙሪያ ካሉ ቡና አምራቾች መካከል እጁ ጠበቅ ያለ ሰው ነው። ቡና ተሸጦ መንደሩ አዲስ ስልክና አዲስ ጫማ ሲያወጣ፣ እሱ ያንኑ የተጣፈ ጃኬቱን ለብሶ ይስቅባቸዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን እሱም ገበያ ወጥቷል፤ ጠገራ ብርና የድሮ የብር አምባር እየገዛ ማስቀመጥ ጀምሯል። ልጁ አቢጊያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሚሸጥ ጥሪት መሆኑ ነው።

አጀማመሩ ጥሩ ነበር፤ ይህን ልንነፍገው አይገባም። ሚዛን ተፈሪ ወርቅ ቤት ያላቸው አዛውንቱ ጋሽ ሰይፈዲን መክረውታል።

"በትንሹ ጀምር። የቀለብ ገንዘብህን አትንካ። ንጹሕነቱን ሳታስመረምር፣ ሲመዘን ሳታይ አትግዛ፤ ደረሰኝም ተቀበል። ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል። እኛም ብንሆን የምንሸጥበትና መልሰን የምንገዛበት ዋጋ አንድ አይደለም። ለዓመታት የማታስቀምጠው ከሆነ ይቅርብህ። ደግሞ የት እንዳስቀመጥከው ባለቤትህ ትወቅ።"

አሞጽ ሁሉንም ሰምቶ ሠራበት፤ የመጨረሻዋን ብቻ በአንድ ጆሮው አስገብቶ በሌላው አስወጣት።

"እሷስ ትቅርብኝ፣ ጋሽ ሰይፈዲን" አለ እየሳቀ። "ሴት ያወቀችውን ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።"

ይህን የሚለው ስለ ሚስቱ ስለ ንጋቷ ነው! ንጋቷ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆና ስትኖር፣ የማንንም ጉዳይ ስታወራ የሰማት ሰው የለም።

አሞጽ ብሩን በከረጢት ቋጥሮ፣ ቡና ማከማቻው ጥግ በተጋደመ አሮጌ ቀፎ ውስጥ ደበቀው። ንብ ከለቀቀው ቆይቷል። ባዶ ቀፎ ማን ይነካል ብሎ ነው።

አንድ ሰሞን ለዘመድ ሠርግ ቱም ከተማ ሄዶ ሰነበተ። ተመልሶ ማከማቻውን ሲከፍት ጥጉ ባዶ ነው።

"ንጋቷ፣ ቀፎው የታለ?"

"ምስጥ በልቶት ነበር። ወደ ቡናው እንዳይዛመት ብዬ ለባስልኤል ሰጠሁት።" ባስልኤል ንብ አናቢ የሆነ ታናሽ ወንድሟ ነው። "ምነው ደነገጥክ? የምትፈልገው ነገር ነበር እንዴ?"

"ኧረ ምንም! የአባቴ ማስታወሻ ስለሆነ ነው።"

ንጋቷ ትንሽ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ሞተር ተከራይቶ በረረ።

ባስልኤልን ደጁ ላይ እንጨት ሲፈልጥ አገኘው።

"ያ ቀፎ? እሱማ ለንብ አይሆንም፣ ጋሼ። ፈልጬ አነደድኩት።"

አሞጽ እዚያው የእንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጠ። አቢጊያ ከነዩኒፎርሟ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት።

"ውስጡ... ምንም አልነበረም?"

"አንድ ከባድ ከረጢት ወደቀልኝ። የእህቴ መስሎኝ ያኑ ዕለት ወስጄ ሰጠኋት። አልነገረችህም?"

"ተመስገን!" አለ አሞጽ። ተነሥቶ አማቹን አቀፈው፤ ሳቀም፣ ዓይኑንም በእጅጌው ጠረገ። በመልስ ጉዞው አጋማሽ ላይ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለው። ንጋቷ "ምነው ደነገጥክ?" ስትለው ከረጢቱ ቀድሞ እጇ ገብቶ ነበር። እያወቀች ጠየቀችው፤ እሱ ደግሞ ዋሻት። ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

ቤት ሲደርስ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ጓዳ ገብታ ከረጢቱን ከነቋጠሮው አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

"አልፈታሁትም" አለች። "አንተው እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅሁት። ቱም ስትሄድ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ ኖሮ? ወንድሜም የማይታመን ሰው ቢሆንስ? የልጄን ትምህርት በገዛ እጄ አውጥቼ ሰጥቼ ነበር እኮ፣ አሞጽ!"

"አጥፍቻለሁ። ሴት ምስጢር አትይዝም እያልኩ..."

"የማኅበሩ ገንዘብ ሳጥን ስንት ዓመት እዚህ ቤት ተቀመጠ። የት እንዳለ ታውቃለህ?"

አሞጽ አሰበ። ጓዳውን፣ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን በሐሳቡ ዞረ።

"አላውቅም" አለ በመጨረሻ።

"አታውቅም!" አለችና ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ከቱም ከተመለሰ ወዲህ ደረቱ ገና አሁን ቀለለው።

በሳምንቱ አንድ አምባር ሊጨምሩ ሁለቱም ወደ ሚዛን ተፈሪ ሄዱ። ጋሽ ሰይፈዲን መዝነው ደረሰኙን ሲዘረጉለት አሞጽ እጁን ሰበሰበ።

"ለእሷ ይስጧት" አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ብርም ሆነ ወርቅ ልታስቀምጥ ካሰብክ መመዘኑንና ማስመርመሩን ባለሙያ ይነግርሃል። ቤትህ ውስጥ ለምታምነው ሰው መንገር ግን የራስህ ግዴታ ነው። የባስልኤል ዓይነት ወንድም ሁሉም ሰው የለውም። ሳትነግር ብትቀር፣ ለልጅህ ያስቀመጥከውን ልጅህ ራሷ አውጥታ ልትጥለው ትችላለች።