ነጩ ስልክ ያያት ሴት

ሟቹ የተገኘው ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተዘርሮ፣ ቀኝ እጁን እንደ ዘረጋ ነው። እጁ የተዘረጋው ወደ ደረጃው ድጋፍ ሳይሆን ከጎኑ ወደ ወደቀው ነጭ ስልክ ነበር። መርማሪዋ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህን ነው። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየችው።

ሰፈሩ ሟቹን «ሚዛን» ይለው ነበር። አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር ካሜራውን ከሌሎች ጋር አወዳድሮ የሚፈርደው እሱ ነው። «ይሄ ይሻላል» ካለ ሰው ይሻማል፤ «ይሄ ይዋሻል» ካለ ሣጥኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። አሠራሩ ንቅንቅ አይልም፦ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ፊት፣ የሚስቱ። ፊቱ ከተለወጠ ምኑን ከምን አወዳድራለሁ ይላል። ሚስቱ ግን ከሞተች ዓመት አልፏታል።

ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ለነፍስ አይመችም። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በአንዲት ሴት ፎቶዎች ተሸፍኗል፤ ያው ወንበር፣ ያው ሰማያዊ ካፖርት፣ ወደ መስኮቱ ቀና ያለ ያው አገጭ። የሚለየው የቆዳዋ ቀለም ብቻ ነው፤ አንዱ ስልክ ቢጫ፣ አንዱ አመድማ፣ አንዱ ሮዝ አድርጓታል። ወዴትም ቢዞሩ እሷ አለች። አስር አለቃው ይህን ሲያይ ሥራዬ በር መጠበቅ ነው ብሎ ውጭ ቀረ።

«ቁልፍ ያለን እኔና አባቴ ብቻ ነን» አለች የሟቹ ልጅ። ዓይኖቿ አብጠዋል። «በሩ ተቆልፎ ነው ያገኘሁት። አለቃችሁ ደግሞ ነገ አስወስድሻለሁ ብሎኛል።»

«በሩ ሲሳብ ራሱ ይቆለፋል፤ ሞክሬዋለሁ። ግን ከትናንት በስቲያ ከአባትሽ ጋር ስትጣሉ ጎረቤት ሰምቷል።»

«የሞተችውን ተዋት፣ ነፍሷ ትረፍ አልኩት። አልሰማኝም። እኔም ተናድጄ...» ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። «‹እማዬ፣ ነይና ውሰጅው!› ብዬ ጮኽኩ። መጣች።»

«ማን?»

ልጅቱ አባቷ ያን ቀን ሲያወዳድራቸው የነበሩትን ሦስት ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሚዛን ሦስቱንም በአንድ ማቆሚያ ላይ ጎን ለጎን አቁሞ፣ በአንድ ቁልፍ አንድ ላይ ነበር የሚያነሳው። በጥቁሩ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ባዶ ወንበር ነው። በሰማያዊውም ባዶ ወንበር። በነጩ ግን ከወንበሩ ፊት አንዲት ሴት ቆማለች። ካፖርቷ ሰማያዊ ነው፤ በደረቷ ውስጥ አልፎ የወንበሩ መደገፊያ ይታያል። ፊቷ የግድግዳው ፊት ነው።

«እናትሽ ናት?»

«ልጅ እናቷን ትስታለች?»

መርማሪዋ መንፈስን ባታምንም አትንቅም፤ ቃሉን ሳትቀበል ግን መንፈስም ቢሆን አትለቅም። «ሌሎቹ ፎቶዎች የት አሉ?»

«የሉም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ባዶውን ወንበር ያነሳል፤ ሰው የሚያስቀምጠው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ግን ያለው የባዶው ብቻ ነው።»

«የጠፉ ፎቶዎች የሚቀመጡበትም ባዶ ነው፤ በሦስቱም ላይ። አባትሽ ያጠፋ ነበር?»

«እሱ? ‹ስህተትም ምስክር ነው› እያለ የደበዘዘውን እንኳ አያጠፋም።»

መርማሪዋ ቁምሣጥኑን ከፈተች። የሟቿ ልብሶች እንደ ተሰቀሉ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ በጣት የሚጻፍበት አቧራ አለ። ሰማያዊው ካፖርት ላይ ግን ጣቷ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። በሩን ዘጋችው።

ቀጥሎ የተጠራው ነጩን ስልክ የሚያስመጣው ነጋዴ ነው። ወንበሩን ስታሳየው እግሩን አነባብሮ ተዘረጋበት፤ ቤቱ የሱ ይመስል ነበር።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ ሳትጠይቀው። «ስልኬን ውሸታም ብሎ ሊፈርድበት ነበር። ኋላ ግን ‹ይሄን ማንም አይነካብኝም› አለኝ። ምን እንደ ነካው እንጃ! እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፣ ደንበኞቼን ጠይቂ።»

«ውሸታም ያለው ምኑን ነው?»

ነጋዴው የገበያ ድምፁን አወጣ። «ምቀኝነት ነው እንጂ! ሌላው ስልክ ብልጭ አርጎ ይጨርሳል። የኔው ብርሃን ሲያንሰው ዓይኑን ገልጦ ይቆያል፤ ያየውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ያደርገዋል። ፊት ካገኘ ደግሞ ያሳምራል፤ መጨማደድ የለ፣ ጠባሳ የለ! የኔን ሚስት በሱ አንስቻት ማን ናት ብዬ ጠይቄያለሁ።»

«እርሷስ ምን አሉ?»

«እሱን ተይው።»

በመጨረሻ የገባችው የሟቿ ታናሽ እህት ናት። ከግራ ጉንጯ እስከ አገጯ የልጅነት ቃጠሎ ጠባሳ ወርዷል። ሰውነቷን ሰብሰብ አድርጋ ግድግዳውን ሳታይ ገባች።

«ከእህቴ ለቅሶ ወዲህ ይሄን ቤት ረግጬው አላውቅም» አለች።

«እህትዎን ይመስላሉ?»

«እኔ?» አክስቲቱ ሳቅ አለች፤ የሳቅ ለዛ ግን አልነበረውም። «እናታችን እንኳ ‹ከአንድ ማህፀን ወጡ ቢሉ ማን ያምናል› ትል ነበር።»

«ይቀመጡ እስቲ።»

አክስቲቱ ተቀመጠች። እግሮቿ ወለሉ ላይ በጠመኔ ከተሰመሩት ሁለት ምልክቶች ላይ አረፉ። ማንም ሳያዛት አገጯ ወደ መስኮቱ ቀና አለ፤ ትንፋሿንም ያዘች። መርማሪዋ ጥቂት ጠበቀችና «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» አለች።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሁሉም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። አስር አለቃው ካቴናውን ይዞ ከልጅቱ ጀርባ ቆሟል፤ የአለቃው ትዕዛዝ ነው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እየደከመ፣ የግድግዳዋ ሴት ጨለማው ውስጥ እየገባች ነበር።

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር አለ» አለች መርማሪዋ። «መንፈስ የሰረዘውን ፎቶ ዱካ አያጸዳም። ያጸዳው ሰው ነው፤ እሱ ያለበትን ፎቶ ሁሉ አጥፍቶ የሌለበትን ተወ። የባዶውን ወንበር።»

«ግን እናቴ...» አለች ልጅቱ።

«ቆይኝ፣ እደርስበታለሁ። ሦስቱ ስልኮች ማንሳት የሚጀምሩት አብረው ነው፤ የሚጨርሱት ግን አብረው አይደለም። ሁለቱ ባዶውን ወንበር አይተው ጨረሱ። ነጩ፣ ነጋዴው እንደ ነገሩኝ፣ ዓይኑን ገልጦ ቆየ። አንዲት ሴት አባትሽ የጨረሰ መስሏት ወደ ወንበሩ መጣች። ጥቂት ቆመች፣ ስለዚህ ግማሽ ሰው ሆና ቀረች። ያነሳሱን ሥርዓት የምታውቅ ናት። የባዶው ወንበር ፎቶ ላይ ልኖር እችላለሁ ብላ አልጠረጠረችም፤ አጉልታም አላየችው።»

«ቁልፉስ?» አለ አስር አለቃው ሳያስበው።

«ሚዛን ራሱ ከፈተላት። ስትወጣ በሩን ሳበችው። ካፖርቱንም ወደ ቦታው መለሰችው፤ አቧራውን ግን መመለስ አልቻለችም።»

ከቁምሣጥኑ ካፖርቱን አውጥታ ወደ አክስቲቱ ዘረጋች። «ትናንት ከመቀመጥዎ እግርዎ የጠመኔውን ምልክት አገኘው። ዓመት ሙሉ ያልረገጡት ቤት ነው ብለውኛል። ይልበሱት።»

አክስቲቱ ለመሸሽ አልሞከረችም። ካፖርቱ ልኳ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አገጯ ቀና አለ። ነጩ ስልክ ዓይኑን ገልጦ ብዙ ቆየ።

መርማሪዋ ስልኩን ለልጅቱ ሰጠቻት። ጠባሳው የለም፤ መጨማደዱም የለም። ከስልኩ መስታወት ውስጥ የምታየው እናቷ ናት።

«እማዬ!» አለች ልጅቱ፣ ቃሉ አምልጧት።

«መጀመሪያ አዝኜለት ነው» አለች አክስቲቱ ከወንበሩ ሳትነሳ። «‹አንድ ቀን ብቻ በእሷ ቦታ ተቀመጪልኝ› አለኝ። በጥቁሩ አየኝና ፊቱን አዞረ። በነጩ ሲያየኝ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ አይቶኝ አያውቅም። ውሃ ስጭኝ ሲለኝ እንኳ ስልኩን በመሃላችን ይዞ ነው። ‹እህትሽ ደህና ናት?› እያለ ስለ ራሴ ይጠይቀኛል! እኔም ‹ደህና ናት› እለዋለሁ። እወደው ነበር፤ ምን ልበል።»

አክስቲቱ ካፖርቱን ደረቷ ላይ ሰበሰበችው።

«ያን ቀን ልሄድ ስል ስልኩን ደግኖብኝ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ይሸኘኛል። ደረጃው አፍ ላይ ‹አንዴ ብቻ በዓይንህ እየኝ› አልኩት። ‹ዝም በይ፣ ትበላሺብኛለሽ› አለኝ። ስልኩን መታሁት። ድጋፉን ቢይዝ ይተርፍ ነበር። እጁን የሰደደው ለስልኩ ነው።»

«ወድቆ ሳለ ትንፋሽ ነበረው?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

አክስቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን አየች። «ፎቶዎቹን ማጥፋት ስጀምር ነበረው። ስጨርስ አልነበረውም።»

«እኔ ልታሰር ስል ዝም አልሽ?» አለች ልጅቱ። «አክስቴ፣ እኔ ልታሰር ስል?»

«‹እናቴ ናት› ስትይ እኔም አመንኩሽ። እሷ ናት፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም አልኩ። ይቅር በይኝ አልልም።» ካፖርቱን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችው።

አስር አለቃው ካቴናውን ይዞ ከልጅቱ ጀርባ ወደ ወንበሩ አለፈ። ነጋዴው ስለ ስልኩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው፤ ባርኔጣውን አንስቶ ተከትሏቸው ወረደ።

ልጅቱና መርማሪዋ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቱ ሁለቱን ስልኮች አባቷ ያደርግ እንደ ነበረው ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ በነጩ እናቷ፣ በጥቁሩ ባዶው ወንበር። ነጩ ላይ ብዙ ቆየች። በአውራ ጣቷ ጠባሳ የሌለውን ጉንጭ ዳሰሰችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እናቴ አልወሰደችውም ማለት ነው» አለች።

«አልወሰደችውም። አልመጣችምም።»

ልጅቱ ነጩን ስልክ አጠፋችው። ጥቁሩን አንስታ፣ የሚደክመው ብርሃን ያረፈበትን ባዶ ወንበር ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ይሻላል» አለች።