የማማ ኦቲሶ ቦሎቄ

«ቦሎቄው ነው በይ እንጂ! ምን ያስፈራሻል?»

ናሊያካ ይህን በሹክሹክታ ተናግራ ስልኳን ከፍ አደረገች። እሷና ጓደኛዋ ሙኤኒ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ፣ የሐምሌ ብርድ እንደ ልቡ በማያገኛቸው ጥግ ላይ ቆመዋል። ናሊያካ የታመመ ሰው ለመምሰል መድከም አላስፈለጋትም። ቅዳሜ ሌሊት የጀመራት ትውከት ገና ትናንት ነው የተዋት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል።

«ሰላም ወዳጆቻችን» አለች ለስልኩ። «የጠፋሁት ታምሜ ነው። ቅዳሜ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ ማማ ኦቲሶ ጋ ቦሎቄ በልተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆንኩትን እኔና አልጋዬ ነን የምናውቀው። ሙኤኒም አብራኝ ነበረች። ርካሽ ነው ተብሎ ሁሉም አይበላም፤ ተጠንቀቁ።»

ስልኩ ወደ ሙኤኒ ዞረ። ሙኤኒ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ናሊያካ ትንሽ ጠብቃት ቀረጻውን አቆመች።

«ይሁን፣ እንዲያውም ይሻላል። በጣም የደነገጥሽ ነው የሚመስለው።»

«ናሊያካ፣ ቦሎቄው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።»

«አቦ አታካብጂው! አንድ ቪዲዮ ነው። በሳምንቱ ማን ያስታውሰዋል?»

«በየኪሳችን» የሁለቱ የቪዲዮ ገጽ ነበር። ስልኩ የናሊያካ፣ ቃላቱ የሙኤኒ። በናይሮቢ የት ምን እንደሚበላ ለእኩዮቻቸው ያሳያሉ፤ ምግብ ቤቶቹንም ባዶ ኪስ፣ ግማሽ ኪስ፣ ሙሉ ኪስ እያሉ ይከፍሏቸዋል። ባዶ ኪስ ከተባሉት ሁሉ ሰው የወደደው የማማ ኦቲሶን የቆርቆሮ ዳስ ነው። ቻፓቲ የተባለው ቂጣቸው እንደ ሽንኩርት እየተደራረበ የሚገለጥ መሆኑን፣ ቦሎቄያቸው ከኮኮናት ወተት ጋር ሲንተከተክ ጎማ የሚቀይር ሹፌር እንኳ ሥራውን ጥሎ እንደሚመጣ የጻፈችው ሙኤኒ ናት።

ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ቦሎቄ በሉ። ማታ ደግሞ የሀብታሞች ሰፈር በሆነው ዌስትላንድስ፣ ፎቅ ላይ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ገጻቸውን አይቶ ጋብዟቸው ነው፤ ሙሉ ኪስ። ጥሬ ዓሣ በበረዶ ላይ ተደርድሮ ሲቀርብ ሙኤኒ ጠጋ ብላ አሸተተችውና ራቅ አለች።

«ሽታው ልክ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

«ሼም ነው ባክሽ፣ እንዳይሰሙሽ! የሀብታም ምግብ እንዲህ ነው የሚሸተው» ብላ ናሊያካ የራሷንም የሙኤኒንም ድርሻ በላች። ሊወጡ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ልደቷ መቼ እንደሆነ ጠየቃትና የክፍሏን ልጆች በሙሉ ይዛ እንድትመጣ፣ ሁሉም በነፃ እንደሚስተናገዱ ነገራት። ናሊያካ ደረጃውን የወረደችው እየዘፈነች ነበር። ያን ሌሊት ታመመች። ሙኤኒ ምንም አልሆነችም።

ቪዲዮው ከዚህ በፊት ካወጡት ሁሉ በላይ ታየ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሙኤኒን ከበው «እውነት ትል ነበረው?» ይሏት ጀመር። ትል ያለ ሰው አልነበረም፤ ትሉ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። «አላየሁም» ብላ ወደ ወንበሯ ሄደች። አላየሁም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ገብቷታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዋን ወደ አውቶቡስ ተራው ወረደች። ካፊያ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ባለው ቀን ዳሱ ሥር መቆሚያ አይገኝም፤ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ረዳቶች ሳህናቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነው የሚበሉት። ዛሬ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ትልቁ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል፤ ማማ ኦቲሶ ከጎኑ እጃቸውን በሽርጣቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል።

አንድ ረዳት ከሚያልፍ ማታቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ። «ማማ ኦቲሶ! ዛሬስ ስንት ሰው ገደልሽ?»

መኪናው ውስጥ ሳቁ። በፊት ቢሆን ማማ ኦቲሶ ጭልፋቸውን አንስተው እሱንም እናቱንም የሚያስቅ መልስ ይሰጡት ነበር። አሁን ቀና እንኳ አላሉም።

ሙኤኒን ሲያዩ ግን ሳህን አነሱ። «ነይ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ። ወይስ አንቺም ፈራሽኝ?»

«አልፈራሁም» አለችና ተቀመጠች። ቦሎቄው እንደ ወትሮው ነበር።

«አንዲት ልጅ በስልክ አወራችብኝ አሉ» አሉ ማማ ኦቲሶ። «ልጄ ከኪሱሙ ደውሎ፣ አይቼዋለሁ፣ ልላክልሽና እያት አለኝ። አትላክ አልኩት። ፊቷን ካየሁ እረግማታለሁ። የሰው ልጅ መርገም ደግሞ አልወድም።»

ሙኤኒ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልትናገር ነበር። እውነቷን ነው፣ ልትናገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚያው ቅጽበት የነጋዴዎቹ ሊቀ መንበር ሽማግሌው ካሪዩኪ ዣንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

«እንግዲህ ነግሬሽ ነበር» አሉ ካሪዩኪ። ሙኤኒን አላስተዋሏትም። «ሰው አንቺን ብቻ መሸሽ ትቶ መደዳውን በሙሉ ሸሸን። ዓሣ ጠባሿም፣ ሻይ ቤቱም አቤት እያሉ ነው። ቦታሽን ልቀቂ። ከፈለግሽ ከቦዩ ማዶ ሥሪ።»

«ከቦዩ ማዶ ማን ያልፋል? ውሻም አያልፍ።»

«ምን ላድርግ?» አሉ ሽማግሌው፤ በእርግጥም ምን እንደሚያደርጉ የጠፋቸው ይመስላሉ።

ሙኤኒ ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ናሊያካ ቤት ሄደች። ናሊያካ አልጋዋ ላይ ቀሚሶቿን ዘርግታ እያማረጠች ነበር።

«ከቦታቸው ሊያስነሷቸው ነው። በናትሽ አጥፊው።»

«ብሰርዘው ለምን ሰረዘችው ይሉኛል» አለች ናሊያካ፣ ከቀሚሶቹ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «ታዲያ ምን በልተሽ ታመምሽ ይሉኛል። ከዚያ ያ ሰውዬ ይሰማል። ከዚያ ልደቴ ቀረ።»

«ለልደት ብለሽ?»

ናሊያካ አሁን ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ያለፈውን ዓመት ረሳሽው? እማዬ ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ በሩን ስታይ አመሸች። ማንም አልመጣም። ሰኞ ደግሞ ሙድ ያዙብኝ።»

«እኔ መጥቼ የለም?»

«አንቺ አንድ ሰው ነሽ።»

ሙኤኒ ያን ቀን ሁለቱ እስኪመሽ ካርታ ሲጫወቱ፣ የናሊያካ እናት ኬኩን ሁለቴ ቆርሰውላት፣ የቀረውን በላስቲክ ጠቅልለው ለእናቷ እንደላኩላት አስታወሰች። ደስ ብሏት ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው። ናሊያካም ደስ ያላት መስሏት ነበር።

«ደግሞ ቪዲዮው ላይ አንቺም አለሽ» አለች ናሊያካ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ብትናገሪ አብረን ነው የምንዋረደው። የነገ ሳምንት እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ለልደቴ እንገናኝ። ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺ።»

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሙኤኒ ወደ ቤት የሚወስዳትን ማታቱ አሳለፈችው። ሁለተኛውንም አሳለፈችው። ከዚያ በእግሯ ወደ አውቶቡስ ተራው ሄደች።

ዳሱ እየፈረሰ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ቆርቆሮውን ከላይ ይነቅላሉ፤ ካሪዩኪ ከሥር ቆመው ምስማሩን በቆርቆሮ ጣሳ ይለቅማሉ። ማማ ኦቲሶ ሳህኖቻቸውን በኩንታል ጆንያ ውስጥ እየደረደሩ ነው።

«ማማ ኦቲሶ» አለች ሙኤኒ። «ቪዲዮውን ያወጣችው ጓደኛዬ ናት። ከጎኗ ቆሜ ነበር። የታመመችው እርስዎ ጋ በልታ አይደለም፤ ማታ ሌላ ቦታ የተበላሸ ዓሣ በልታ ነው። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

የማማ ኦቲሶ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። ሙኤኒ ጥፊ ጠበቀች፤ ጥፊ ቢመጣ ሳይሻል አይቀርም ነበር።

«ቅዳሜ ስትበይም ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አሁንም ጓደኛሽ ናት?»

ሙኤኒ አሰበች። «ናት» አለች።

ማማ ኦቲሶ ሳህኑን ጆንያው ውስጥ ከተቱት። «ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ይፈይዳል? እኔ እንደሆን ቦሎቄዬን አውቀዋለሁ።»

ሙኤኒ ወደ ካሪዩኪ ሄደችና ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ደገመችላቸው። ጎረምሶቹ መንቀላቸውን አቁመው ከላይ ሆነው አዳመጡ። ሽማግሌው ጣሳቸውን እያንቀጫቀጩ ሰሟት።

«ቦታው እኮ ለጫማ ሻጭ ተሰጥቷል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ብቻዬን የምመልሰው ነገር አይደለም። ከመለስኩትም ሁሉም ሰምቶ ነው። እሁድ የነጋዴዎቹ ስብሰባ አለ። እዚያ ቆመሽ በሰው ፊት ትደግሚዋለሽ? ይሰድቡሻል፤ አልዋሽሽም። ይሳካል ብዬም ቃል አልገባልሽም።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ስምንት ሰዓት።»

ሙኤኒ መሬት መሬት አየች። ጭቃው ውስጥ የወደቀ አንድ ምስማር ነበር፤ አንስታ ጣሳቸው ውስጥ ጨመረችላቸው።

«እመጣለሁ» አለች።

ካፊያው መልሶ ጀመረ። ጎረምሶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ የመጨረሻው ቆርቆሮ ተነቅሎ ወረደ። ማማ ኦቲሶ ትልቁን ድስት ብቻቸውን ሊያነሱ ሲታገሉ አየቻቸውና ሄዳ በወዲያኛው በኩል ያለውን ጆሮ ያዘች። አልከለከሏትም፤ አላመሰገኗትምም። ወደ ቦዩ ማዶ መራመድ ጀመሩ። ድስቱ ከባድ ነበር፤ ማንም ያልበላው ቦሎቄ እስከ አፉ ሞልቶታል።